«ዴሊቨሪ ነጻ አይደለም እንዴ?» ላላችሁን፣ መልስ አለን

በቴሌግራምና በቲክቶክ ጫማ፣ ቦርሳና የሀገር ልብስ ስንሸጥ የምንውል ሰዎች ከዕቃው ይልቅ ኮሜንቱ ያደክመናል። መልስ የሌለን ይመስል ዝም ብለን ከረምን። ዛሬ እንመልስ። ስድብ የለበትም፤ እውነት ግን አለበት።

«ጫማው 2,500 ነው ብላ ለጥፋ 2,700 ተቀበለችኝ። ሌባ!»

ወንድሜ፣ 200 ብሩ ከፒያሳ ቱሉ ዲምቱ ድረስ የመጣው ሞተረኛ ሒሳብ ነው። ቤንዚን ወረፋ የተሰለፈው እሱ፣ ዝናብ የመታው እሱ። ከፎቶው ሥር «ዴሊቨሪ ለብቻ» ተብሎ ተጽፏል፤ በደረሰኙም ላይ የጫማውና የመንገዱ ዋጋ ተለያይቶ ሰፍሯል። ሌባ ደረሰኝ አይቆርጥም።

«ነገ ይደርሳል ብለሽ ከነገ ወዲያ መጣ። አንድ ኮከብ ይበዛብሻል!»

የኔ እህት፣ ሞተረኛው ባልሽው ሰዓት ከኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ቆሞ ደጋግሞ ደውሏል። ያላነሣሽው ጥሪ ስልክሽ ላይ ይኖራል፤ እሱም ስክሪንሾት ልኮልኛል። ዕቃው ተመልሶ በማግሥቱ ሲመጣ የሁለተኛውን ጉዞ ሒሳብ አልጠየቅሁሽም፤ እኔው ችዬዋለሁ። ስልኩን ያላነሣሽው አንቺ፣ መንገዱን የከፈልኩት እኔ፤ ታዲያ ኮከቡ የሚቀነሰው ከማን ነው?

«ፎቶው ላይ ያየሁት ቀሚስ ይኼ አይደለም። ፌክ ነው!»

እመቤቴ፣ ጥለቱ ያው፣ ቀለሙ ያው፤ የጠበበሽ ወገቡ ነው። የወገብሽን ልክ በሴንቲ ሜትር ላኪልኝ ስልሽ «ሚዲየም ነኝ» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ሽሮ ሜዳ ያለው ሰፊ ሜትሩን ዘርግቶ እንጂ በሚዲየም አይሰፋም። አሁንም አልረፈደም፤ መልሰሽ ላኪውና ይሰፋልሽ። የሰፊውን እኔ ልቻል፣ የመላኪያውን አንቺ ቻይ።

«ወር ሞላው፣ አልደረሰኝም። ገንዘቤን በልተሻል!»

ጋሼ፣ በፖስታ ቤት በኢኤምኤስ የሄደ ዕቃ መከታተያ ቁጥር አለው፦ ሁለት ፊደል፣ ዘጠኝ አኃዝ፣ መጨረሻ ላይ የአገራችን መለያ ሁለት ፊደል። በላክሁ ዕለት በቴሌግራም ልኬልዎታለሁ፤ መልእክቱንም አንብበውታል። ቁጥሩን አስገብተው ዕቃው የት እንደቆመ ይዩ። ከጠፋም ፖስታ ቤት ሄዶ የሚያመለክተው ላኪ ነው። የላኪነት ወረቀቱ በእጄ ነው፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እስከ መጨረሻው የምሟገትልዎት እኔ ነኝ።

«ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት። ለአንድ ቀሚስ ቀረጥ ክፈይ ተባልኩ። አጭበርባሪዎች!»

እህቴ፣ ቀረጡን የጠየቀሽ የአሜሪካ ጉምሩክ ነው። እስከ 800 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረበት አሠራር እ.ኤ.አ. ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ ተነሥቷል። ከዚያ ወዲህ ወደ አሜሪካ በሚሄደው ዕቃ ሁሉ ሥር «ቀረጥ በገዢ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ያንቺም ትእዛዝ ላይ አለ። ከቀረጡ ሳንቲም እኔ ጋ አልደረሰም። ጉምሩክን መናገር ሲከብድ ሻጭን መስደብ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ይኸው ነው የኛ መልስ። አሁን ደግሞ እንዲህ የምንመልስበትን ምክንያት ልንገራችሁ።

ለኮሜንት የሚጻፍ መልስ ለተሳደበው ሰው አይደለም። እሱ ተቆጥቷል፤ ብዙውን ጊዜም ተመልሶ አያነበውም። የሚያነበው ገና ያልገዛው፣ ገንዘቡን በቴሌብር ልላክ ወይስ ልተው ብሎ የሚያመነታው ነው። እሱ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ መቼ ምን ሆነ፣ ማስረጃው የት አለ፣ ሻጯ ምን አደረገች። ከዚህ ያለፈው ሁሉ ትርፍ ነው። ገዢውን «ደንቆሮ» ያልን እንደሆነ ማስረጃችን ሁሉ ይረሳል፤ የሚቀረው ስድቡ ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

በቀልም አያዋጣም። የኦንላይን ገበያው ኢቤይ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲጀመር፣ በኋላም አስተያየት መሰጣጣቱን ሲያመጣ፣ ሻጭና ገዢ እኩል ይመዛዘኑ ነበር። ገዢ ክፉ ሲጽፍ ሻጭም ክፉ ይመልስ ጀመር። ገዢዎች አጸፋውን ፈርተው እውነቱን መጻፍ ተዉ። በመጨረሻ ኢቤይ እ.ኤ.አ. በ2008 ሻጮች ለገዢ አሉታዊ ነጥብ መስጠታቸውን ከለከለ። ጥቂት ተበቃዮች ሐቀኛውን ሻጭ ሁሉ መብቱን አሳጡት። እኛም ገዢን በስሙና በፎቶው ስቶሪ ላይ ብናወጣ ማንም ደፍሮ እውነት አይነግረንም፤ ሥራችንም ሳይታረም ይቀራል።

ስለ መላኪያውም ለእኛ ለሻጮች የሚነገር አለ። በዚያው በኢቤይ ዕቃውን በሳንቲም አውጥተው ትርፉን መላኪያው ውስጥ የሚደብቁ ነበሩ፤ ኮሚሽኑ የሚቆረጠው ከዕቃው ዋጋ ብቻ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2011 ኮሚሽኑ ከመላኪያውም ጭምር እንዲቆረጥ ሲደረግ ያ በር ተዘጋ። እዚህም ለሞተረኛው 200 ከፍሎ ከገዢው 350 የሚቀበል አለ። ይኼ ሰው «ዴሊቨሪው ተወደደ» ሲባል የሚመልሰው መልስ የለውም፤ እኛንም አብሮ ያስጠረጥረናል። መንገዱ የፈጀውን ብቻ እንቀበል፤ ዋጋ ኢንቦክስ ማለቱንም ትተን የዕቃውን ለብቻ፣ የመንገዱን ለብቻ በግልጽ እንጻፍ።

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውንም ጥቅስ እናንሣው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት የተገኘበት ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ ሸማቹ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ሶሉ የተላቀቀ ጫማ ልከን በጥቅስ ማምለጥ የለም። ጥፋቱ የኛ ከሆነ መመለሻውን ከነመንገዱ እንክፈል፤ ኮሜንት ሳይጻፍብን እንክፈል።

የተጻጻፍነውንም አናጥፋ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ደንግጓል። «ሚዲየም ነኝ» ያለችውም፣ «ነገ ይደርሳል» ያልኩትም እኩል ማስረጃ ነው። እኔን የሚያድነኝ ያህል እኔንም ይይዘኛል፤ ተገቢም ነው።

ለእናንተ ለገዢዎች አንድ ልመና አለኝ። ከብዙዎቹ የቴሌግራም ሱቆች ጀርባ መደብር የለም፤ ቤቷ አንድ ጥግ ላይ ዕቃ ደርድራ፣ ልጅ አቅፋ መልስ የምትጽፍ ሴት አለች። አንድ የሐሰት ኮሜንት የሚዘጋው የእሷን እንጀራ ነው። ከመጻፋችሁ በፊት ደውሉላት። ደውላችሁ ካላነሣች፣ አንሥታ ካላረመች፣ ያኔ የሆነውን ሁሉ ከነፎቶው ጻፉ፤ እኛም አብረን እናጋራዋለን። ያልሆነውን ግን አትጻፉ።