አንድምታ ዘቮልስ

በአዲስ አበባ ከተማ የታመመ ሰውና መኪናው የታመመችበት ሰው፣ ሁለቱም ሐኪም ከማግኘታቸው አስቀድሞ መካሪ ያገኛሉ፤ ነገር ግን በሽተኛውን ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ቢያንስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከተቻለውም ዳቦ ይዞ ሲመጣ፣ መኪና የታመመችበትን ሊጠይቅ የሚመጣው ግን ባዶ እጁን መጥቶ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ ስሙን የማያውቀውን ብሎን ጠምዝዞ፣ «እኔ ብሆን» የሚል ቃል ጥሎ ይሄዳል።

የእኔይቱ መኪና የአገሩ ሰው በቁልምጫ ቮልስ የሚላት፣ ጀርባዋ የጐበጠ አሮጌ ፎልክስዋገን ስትሆን፣ ሠሪዎቿ ከሌላው መኪና ሁሉ ሊለዩአት ስለ ፈቀዱ፣ ሞተሩን ከኋላ፣ የዕቃውን ማስቀመጫ ከፊት፣ ባትሪውን ከኋላው ወንበር ሥር አኑረው፣ ውሃ የማትጠጣና በነፋስ ብቻ የምትበርድ መናኝ አድርገው አውጥተዋታል። በመጽሐፏ 34 የፈረስ ጉልበት እንዳላት ተጽፎአል፤ ዳሩ ግን ይህ ቍጥር የተሰፈረው በቈላና በባሕር ጠረፍ አየር ስለ ሆነ፣ ከባሕር ወለል 2400 ሜትር ያህል ከፍ ባለው በአዲስ አበባ ስስ አየር ውስጥ ከፈረሶቹ ሩብ ያህሉ አይገኙም፤ እነዚያ ስምንት ፈረሶች ከወደብ ወደ ደጋ ሲወጡ በየትኛው ኬላ እንደ ኰበለሉ እስካሁን የጠየቀ የለም። እንዲህም ሆና ከክብር የጐደለች አይደለችም፤ በ1967 ዓ.ም. መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በዚህችው ዓይነት መኪና እንደ ነበረ የታወቀ ሲሆን፣ በዚያን ዕለት ሞተሯ ተንተባተበ የሚል ታሪክ ጸሐፊ እስካሁን አላጋጠመኝም።

የእኔይቱ ግን ተንተባተበች። ሕማሟም በሜዳ የማይታይ፣ በዳገት ብቻ የሚገለጥ ነበረ፤ ይኸውም ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ እንደ ጨዋ ልጅ አንገቷን ደፍታ ሄዳ፣ ሽሮ ሜዳን አልፋ የእንጦጦን ዳገት ስትጀምር፣ ነዳጅ ረገጥ ባደረግሁላት ቍጥር ኃይል በመጨመር ፈንታ ትስላለች፣ ትንዘፈዘፋለች፣ ከማርሚታዋም ጥይት የሚመስል ድምፅ ታወጣለች፤ እግሬን ያነሣሁላት እንደ ሆነ ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ትስተካከላለች። የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ከእንጦጦ ሲወርዱ ያለፉኝ እናቶች፣ ሸክማቸውን ገበያ አድርሰው በባዶ ጀርባቸው ወደ ላይ ሲመለሱ፣ እኔን እዚያው ኩርባ ላይ አግኝተው ደግመው አልፈውኛል፤ አንዲቱም ዞር ብላ «አይዞህ ወንድሜ፣ ትንሽ ነው የቀረህ» ያለችኝ ከልቧ ነበረ።

ይህን ሕማም ለባለሙያ ማሳየት ደግሞ ሌላ ፈተና ነው፤ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ሲያስነሡአት አንዲት ሳል አትስልምና። አንድ ወጣት መካኒክ ሚኒሞዋን አዳምጦ፣ አንድ ሁለቴ አስጩኾ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ጋሼ፣ ይህች መኪና ከእኔም ከእርስዎም ትሻላለች» ብሎ ሲመልሰኝ፣ ለመኪናዬ ጤንነት ማመስገን ወይስ ለእኔ ማዘን እንደሚገባኝ ሳልለይ ወጣሁ።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀሰመ ሰው እንደሚያውቀው፣ በትርጓሜ ቤት መምህሩ የንባቡን ምሥጢር አንድ ጊዜ ከፈታ በኋላ፣ «አንድም» ብሎ ሌላ ፍቺ ያመጣል፣ ዳግመኛም «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን ይጨምራል፤ ሁሉም ፍቺ በየወንበሩ ተቀምጦ ይከበራል እንጂ የኋለኛው የፊተኛውን አያባርርም። የመኪናዬም ነገር እንዲሁ ሆነ። ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበታል፤ አንድም ካርቡሬተሩ ቆሽሾአል፤ አንድም ካንዴላው አርጅቶአል፤ አንድም የካንዴላው ገመድ ኤሌክትሪኩን በመንገድ እያፈሰሰ ነው፤ አንድም ኮይሉ ሲሞቅ ይደክማል። ልዩነቱ፣ የትርጓሜ ቤቱ መምህር ለእያንዳንዱ አንድም ለየብቻ ዋጋ አለመጠየቁ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚያሳምነው የካርቡሬተሩ ሊቅ ነበረ፤ ይህንም የምለው በማላገጥ አይደለም፣ ሐተታው በእውነት የተደራጀ ነውና። አራቱን ካንዴላዎች ፈትቶ በመዳፉ ደረደረና ጫፋቸው በጥቀርሻ መጥቈሩን አሳየኝ፤ «የጤነኛ ሞተር ካንዴላ ቡናማ ነው፣ ይህ ግን ጥቍር ነው፤ የቤንዚኑ ቀዳዳ የተበሳው ለቈላ አየር ስለ ሆነ፣ እዚህ ደጋ ላይ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፣ የበዛውም ሳይነድ ይጠቍራል» አለኝ። ይህ ሁሉ ትክክል ነው። ነገር ግን ጥቀርሻ ለከሳሽም ለተከሳሽም እኩል የሚመሰክር ምስክር መሆኑን የተረዳሁት ቈይቼ ነው፤ ብልጭታ የተነፈገ ሲሊንደርም ቤንዚኑን ሳያነድ ስለሚተፋው እንዲሁ ይጠቍራልና። ሰውየው ካርቡሬተሩን አጠበ፣ ቀዳዳውን በጠባብ ለወጠ፤ መኪናይቱም ከዚያ በኋላ ቤንዚን መጠጣት ቀነሰች፣ መሳሉን ግን አልቀነሰችም።

ጎረቤቴ ጡረተኛው የመቶ አለቃ በበኩላቸው ነገሩ ኤሌክትሪክ እንደ ሆነ አስረግጠው ተናግረው፣ ለማስረጃም የሌሊት ጉባኤ ጠሩ፤ ያፈሰሰ ገመድ በጨለማ ውስጥ ሰማያዊ እሳት ያሳያልና። ይህም የታወቀ ፍተሻ ነው። ስለዚህ ከመኝታ ሰዓት በኋላ የግቢውን መብራት ሁሉ አስጠፍተው፣ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ሞተሩ እየሠራ እኔንና የቤት ልጆችን ከኋላዋ አሰልፈው፣ «ማንም እንዳይተነፍስ» ብለው አዘዙ፤ የታየ እሳት ግን አልነበረም፤ የታየው፣ ሌባ መጣ ብሎ ዱላ ይዞ የወጣው የጎረቤት ዘበኛ ብቻ ነው።

አማቴ ደግሞ ካርቡሬተርንም ገመድንም ወደ ጎን ትተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ «ልጄ፣ ለእንጦጦ ማርያም ተስለህ ያልሰጠኸው ነገር የለም ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ። መኪናይቱ የምትቆመው፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ ወደ ጫኑባት ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው ጎዳና ላይ ብቻ መሆኑን ልብ ብለው ነበረ፤ እንደ ማስረጃም ከጥቀርሻው የሚያንስ አልነበረም። ይህን ፍቺ ለመመርመር መኪናይቱን በሌላ ዳገት መፈተን ስላስፈለገ፣ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ አወጣኋት፤ እዚያም ሳለች። «ስለት ቢሆን ኖሮ በዚያኛው ዳገት ባልሳለች» ብዬ ስነግራቸው፣ አማቴ ጥቂት አስበው፣ «ከዳገቱ ራስ ላይ ጊዮርጊስ አይደለም ወይ? ለእርሱስ?» አሉኝ። በአዲስ አበባ ታቦት የሌለበት ዳገት ፈልጎ ማግኘት ሞተር ከመጠገን ይልቅ እንደሚከብድ የተገለጠልኝ ያን ጊዜ ነው።

በመጨረሻ የደረስሁት ከሶማሌ ተራ ባሻገር በአንዲት ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ከሚሠሩ ሽማግሌ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዘንድ ነው። እኒህ ሰው ክዳኑን ከመክፈታቸው በፊት ወንበር ሰጡኝና ጠየቁኝ፤ «ልጄ፣ የምትስለው ነዳጁን በረገጥህበት ቅጽበት ነው ወይስ ዳገቱ ካደከማት በኋላ?» «በረገጥሁበት ቅጽበት» አልኋቸው። «እግርህን ስታነሣ ወዲያው ትመለሳለች?» «ወዲያው።» ራሳቸውን ነቀነቁ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስለ መኪናዬ ሁሉም ነግሮኝ ነበር፤ የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

ቀጥለው ቴስተራቸውን አውጥተው ከባትሪው ጀመሩ። መኪናዬ ከአሮጌዎቹ ባለ 6 ቮልት ወገን ስለ ሆነች፣ ለባለ 12 ቮልቱ የማይከብደው ጉድለት ለእርሷ ይከብዳል፤ ኤሌክትሪኩም ከኋላው ባትሪ ተነሥቶ ከመሪው አጠገብ እስካለው ቁልፍ ድረስ ወደ ፊት ሄዶ፣ ዳግመኛ ወደ ኋላ ተመልሶ ከኮይሉ የሚደርስ ስለ ሆነ፣ በየመጋጠሚያው ጥቂት ጥቂት ሊጐድልበት ይችላል፤ ከስድስት አንድ ቮልት የጐደለ እንደ ሆነ ሩቅ መንገድ አያስኬድም። ሽማግሌው በባትሪው ላይና በኮይሉ ላይ ያለውን አስተያይተው፣ የሚያሳስብ ጉድለት ስላላገኙ ቁልፉንና የረጅሙን ሽቦ ክስ ሰረዙ። ከዚያ በኋላ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አነሡ።

እዚህ ላይ ጥቂት ልዘግይ፤ ነገሩ መዘግየት የሚገባው ነውና። ካንዴላው ጫፍ ላይ የሚዘለው ብልጭታ ከ10000 ቮልት በላይ ይፈልጋል፤ ባትሪው ደግሞ ያለው ስድስት ብቻ ነው። ይህን ድህነት ወደዚያ ባለጠግነት የሚለውጠው ኮይሉ ሲሆን፣ የሚለውጠውም ኤሌክትሪኩ ሲፈስለት ሳይሆን በድንገት ሲቋረጥበት ነው። በሚፈስበት ጊዜ በኮይሉ ውስጥ መግነጢሳዊ ኃይል ይጠራቀማል፤ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለው ኮንታክት 0.4 ሚሊሜትር ያህል ተከፍቶ ሲቆርጠው፣ ያ የተጠራቀመው ኃይል ፈርሶ በሺሕ የሚቈጠር ዙር ባለው ቀጭን ሽቦ ውስጥ ብልጭታውን ይወልዳል፤ ደመወዝ በመጣ ጊዜ ፀጥ ያለ ቤት፣ በተቋረጠ ጊዜ ምን ዓይነት ብልጭታ እንደሚወልድ የሚያውቅ ባለ ትዳር ይህን ሕግ ያለ መምህር ይረዳዋል። ባትሪንና ኮይልን እንዲህ ያጣመረውን ሥርዓት ቻርልስ ኬተሪንግ የሚባል አሜሪካዊ ሠርቶ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1910 ለካዲላክ መኪና አበረከተው። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ በሚዞርበት ሰዓት፣ አራቱን ሲሊንደሮች ለማዳረስ ያ ኮንታክት በሴኮንድ 100 ጊዜ ይከፈታል፤ ከመቶው ጥቂቱ ቢጐድል እኛ «ሳለች» እንላለን።

ሽማግሌው ኮንታክቱን አዩ፣ ክፍተቱን ለኩ፣ ደኅና ነው አሉ። ከዚያም ሞተሩን አስነሥተው፣ ከካርቡሬተሩ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ የምትሄደውን ቀጭን ቱቦ ነቅለው፣ ከራሳቸው ዘንድ ባወጡት የላስቲክ ቱቦ ቀጥለው፣ ጫፉን አፋቸው ውስጥ አስገብተው ሳቡት። እኔ እንዲህ ያለ ሕክምና ከዋገምት በቀር አላየሁም ነበርና ደነገጥሁ። መኪናይቱ ግን ያን ጊዜ ሳለች! በሜዳ ላይ፣ በቆርቆሮ ቤት ደጃፍ፣ ምንም ዳገት በሌለበት፣ ምንም ታቦት ባልቀረበበት ቦታ ሳለችና ጠፋች። «ጤነኛ ብትሆን ስስብላት ድምፅዋ ከፍ ይል ነበረ» አሉ፣ ከንፈራቸውን እየጠረጉ።

ምሥጢሩን እንዲህ ፈቱልኝ። ሹፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ በካርቡሬተሩ በኩል የሚፈጠረው ስበት በዚያች ቱቦ ገብቶ፣ ኮንታክቱ የተቀመጠበትን ሰሌዳ ጥቂት ያዞረዋል፤ ይህም ብልጭታው ቀደም ብሎ እንዲመጣ ነው። በሰሌዳው ላይ ያለችው ከጣት የማትረዝም ሽቦ ሰሌዳው በተንቀሳቀሰ ቍጥር አብራ ትታጠፋለች፤ በዘመን ብዛትም ውስጧ ያሉት የመዳብ ክሮች ተበጥሰው፣ ልብሷ የሆነው ላስቲክ ግን ሳይቀደድ ስለ ቀረ፣ ላያት ሁሉ ደኅና ትመስላለች። ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ የተበጠሱት ክሮች ጫፍ ለጫፍ ተነካክተው ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ሞቆ፣ በዳገት ጭነት ተንቀጥቅጦ፣ ሰሌዳው ሲዞር ግን ይላቀቃሉ። ሽማግሌው ሽቦይቱን በሁለት ጣታቸው ይዘው ሲስቡአት፣ ላስቲኳ እንደ ማስቲካ ተሳበ፤ በውስጡ የያዘው አልነበረምና። በለስላሳ ሽቦ ለወጡአት፣ በየጫፉ በየዱት፤ የሥራቸውንም ዋጋ ሲነግሩኝ ደግሜ ጠየቅሁአቸው፣ ያነሰብኝ መስሎኝ።

እንጦጦን በሁለተኛ ማርሽ ሳትተነፍስ ወጣች። ወሬው በሰፈር ሲሰማ የመጀመሪያው ደስ ያለው የካርቡሬተሩ ሊቅ ነው፤ «እኔ ቀድሜ ባላጠብሁት ኖሮ ሽማግሌው ምን ያገኙ ነበር?» አለኝ፣ መልስም አልጠበቀ። የመቶ አለቃው ከመጀመሪያው ኤሌክትሪክ ነው ማለታቸውን በምስክር አረጋገጡ፤ ገመዱና ሽቦው ለየቅል መሆናቸውን የቤት ልጆች ሊያነሡ ሲሞክሩ በተግሣጽ ዝም አሰኙአቸው። አማቴ ግን ሁሉን አዳምጠው ከጨረሱ በኋላ፣ ሽቦይቱ ከመለወጧ አንድ ቀን አስቀድሞ በእኔ ስም ጃንጥላ ገዝተው ለእንጦጦ ማርያም ማስገባታቸውን ገለጡ፤ የገዙትም ጥሩውን፣ ዘርፍ ያለውን ነው። ዋጋው ሽማግሌው ከጠየቁኝ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ፣ ሳልከራከር ቈጥሬ ሰጠሁአቸው፤ በማግስቱ በቸርችል ጎዳና ወደ ላይ የሚያስወጣ ጉዳይ ነበረኝና።