ቦርጭ በኮሶ አይወርድም

መንገዱ ሰላም ሲሆንና ደመናው ገለጥ ሲል፣ ከእንጅባራ ወደ ቲሊሊ በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለው የዘንገና ሐይቅ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት እንግዳ ይበዛበታል። ሐይቁ የእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኛ ነው፤ ጥልቀቱም ከ160 ሜትር በላይ እንደሆነ ይነገራል። የጠዋቱ እንግዳ ግን ውሃውን አያይም። የሚያየው ሆዱን ነው። ከላይ ወፍራም ሹራብ፣ በሹራቡ ላይ የዝናብ ልብስ፣ ከሥር ደግሞ ወገቡ ላይ ሦስት ጊዜ የተጠመጠመ ላስቲክ። በዚያ የደጋ ብርድ ላብ እሺ ብሎ ስለማይመጣ በላስቲክ እየተለመነ ነው። አንድ ዙር ዱብ ዱብ ተብሎ ላስቲኩ ሲፈታ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።

«አየህልኝ? ስቡ ሲቀልጥ!»

ላብ ውሃና ጨው ነው። ከቤቱ ገብቶ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ሲጠጣ ሚዛኑ ወደነበረበት ይመለሳል። ስብ በእርግጥ የሚወጣው በየት ነው ለሚል፣ ሩበን ሚርማንና አንድሩ ብራውን የተባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. በታወቀው የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ስሌቱን አስቀምጠውታል፦ ሰውነት 10 ኪሎ ስብ ሲያቃጥል 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በትንፋሽ ይወጣል፤ ውሃ የሚሆነው 1.6 ኪሎ ብቻ ነው። ይህን ለአንዱ ባለ ላስቲክ አጫወትኩት። በጥሞና ሰማኝ። ከዚያም ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ጀመረ።

ሌላው ደግሞ ከዛፍ ሥር ተንጋሎ ሲት አፕ ይሠራል፤ ከሆዱ ብቻ እንዲቀነስለት። በ1971 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት የቴኒስ ተጫዋቾችን ክንድ ለክቶ ነበር። ለዓመታት በአንድ እጃቸው ሲመቱ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ የሚመታው ክንድ ጡንቻው በልጦ ተገኘ፣ ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ግን በሁለቱም ክንድ እኩል ነበር። ሰውነት ስብ የሚቀንሰው ከፈለገበት ቦታ እንጂ ከታዘዘበት አይደለም። ባለ ሲት አፑ ይህን ቢሰማም አይነሣም፤ ሆዱ እየጠነከረ ነው፤ ከስቡ ሥር ሆኖ።

በዚያው መንገድ ከሰልና እንጨት የተሸከሙ እናቶች ያልፋሉ። ላስቲክ የላቸውም። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 46 ከመቶው መቀንጨራቸውን መዝግቧል። በዚህ መሐል ስለ ቦርጭ ማውራት ራሱ ትንሽ ያሳፍራል። ቢሆንም ከተማው ቦርጭ እያወጣ ነው፤ ስኳሩና ግፊቱም ተከትሎት እየመጣ ነው፤ ስለዚህ እናወራለን።

ይህ ሁሉ እምነት ከየት መጣ ስል ሐሳቤ ወደ ኮሶ ይሄዳል። እንጅባራን ኮሶበር እያሉ በሚጠሩ ሰዎች መሐል ተቀምጦ ኮሶን መርሳት አይቻልም። የጥንት አባቶች ጥሬ ሥጋ ይበላሉ፤ ሥጋው ትል ይሰጣቸዋል፤ በየሁለት ወሩ ገደማ የኮሶ አበባ ተፈጭቶ፣ በውሃ ተበጥብጦ፣ በማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። በር ተዘግቶ ይዋላል። እንግዳ ቢመጣ «ኮሶ ጠጥተዋል» ይባላል፤ የማይቀየሙት ምክንያት ነበር። በ1770 እ.ኤ.አ. ከዚሁ ብዙም ሳይርቅ ግሽ ዓባይ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እንኳ ዛፉን ከነሥዕሉ በመጽሐፉ አስገብቶታል። ኮሶው በተጠጣ በነጋታው ትሉ ወጥቷል፤ ሆድ ቀሎታል፤ ሥጋው ይቀጥላል። መብላት፣ ማስወጣት፣ መብላት።

ኮሶ ይሠራ ነበር፤ ምክንያቱም ትል ነበረ። ቦርጭ ግን ከውጭ የገባ ጠላት አይደለም። በመራራ አይሞትም፤ በማስቀመጥ አይወጣም። የተረፈው ምግባችን ነው። እኛ ግን አሁንም የኮሶውን ሥርዓት ይዘናል፤ የተለወጠው ጽዋው ብቻ ነው። እሑድ ቁርጥ፣ ሰኞ ማለዳ በባዶ ሆድ ሙቅ ውሃ በሎሚ። ማክሰኞ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት። ኪሱ የሚፈቅድለት አፕል ሳይደር ቪኒጋር። ፊቱን እያጨማደደ የሚጠጣ ሁሉ ተስፋው ያው ነው፤ ይህን ያህል የመረረኝ ስቡንማ እንዴት አይመርረው! ሎሚ ቫይታሚን ሲ አለው፤ ጥሩ ነው፤ ከስብ ጋር ግን ትውውቅ የለውም። ኮምጣጤውም ቢሆን አዘውትረው ሳይበርዙ ከጠጡት የሚያሟሟው ጥርስን ነው። አንዳንዱ መራራው ሲከብደው ማር ይጨምርበታል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 60 ካሎሪ ገደማ ነው። ማር ከንብ መምጣቱን ሰውነት አይጠይቅም። አረቄ ቤት ደግሞ «አረቄ ስብ ያቃጥላል» የሚል ሊቅ አይጠፋም። ማስረጃው ጉሮሮው ነው። የአንድ ግራም አልኮል 7 ካሎሪ ከስኳር 4 ካሎሪ እንደሚበልጥ ጉሮሮው አልነገረውም።

ልብ ብዬ ሳየው ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱም «ይህን ተው» የሚል የለም። ሁሉም «ይህን ጨምር» ነው። እየጨመርን እንከሳለን።

ከሐይቁ መልስ ጉዞው ወደ ሥጋ ቤት ነው። ደክሟላ! እኔም አብሬ ተቀምጫለሁ፤ ታዛቢ ሁልጊዜ ቅርብ መሆን አለበት። ዳቦው ሲመጣ ባለ ላስቲኩ በሁለት ጣቱ ገፋው።

«ዳቦ ተውኩ። ያወፍራል።»

«ጥብሱስ፣ ጋሼ?»

«ሥጋ እኮ ፕሮቲን ነው!»

ፕሮቲኑ በዘይት እየዋኘ መጣ። ሒሳቡን ሳንጣላ እንየው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሦስት ኪሎ ሜትር በእግሩ ቢሄድ 200 ካሎሪ ቢያወጣ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ይዟል፤ ጥብሱ ውስጥ የገባው ደግሞ በማንኪያ የተለካ አይደለም፤ ተንቆርቁሮ ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ሲታከል፣ ሌላ 30 ግራም ያህል ስኳር። የጠዋቱ ዙር በሙሉ ገና ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ተመልሷል፤ «በሞቴ» ሲባል ደግሞ ሦስተኛው አለ። በ«በሞቴ» የገባ ጉርሻ ካሎሪ እንዳለው የሚያምን ሰው ገና አላገኘሁም።

የሚያናድደኝ የድንች ስም መጥፋት ነው። እንጅባራና ባንጃ የድንች አገር ናቸው፤ ነዋሪው ግን ቦርጭ ሲያወጣ ቀድሞ የሚከሰው ድንችን ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ሱዛና ሆልትና ባልደረቦቿ 38 ዓይነት ምግቦችን በእኩል ካሎሪ እየመጠኑ ሰዎችን አበሉ፤ የትኛው የበለጠ ያጠግባል ብለው። አንደኛ የወጣው ቅቅል ድንች ነበር፤ ከነጭ ዳቦ ሦስት እጥፍ በላይ አጠገበ። 100 ግራም ቅቅል ድንች 90 ካሎሪ እንኳ አይሞላም። ያው ድንች ተላጦ፣ ተቆራርጦ፣ በዘይት ሲጠበስ ካሎሪው ሦስት እጥፍ ይሆናል። ወንጀሉን የሠራው ዘይቱ፣ የታሰረው ድንቹ።

ከድንች የባሰ የተናቀው ግብጦ ነው። ዳንግላና እንጅባራ ገበያ ላይ የማታጣው፣ አረቄ ቤት በቁና የሚቀርበው፣ ሠርግ ቤት ግን የሚታፈርበት። ፍሬው መራራ ነው፤ ይቆላል፣ ይቀቀላል፣ ምሬቱን እስኪለቅ ለቀናት ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ያን ልፋት የሚያውቁት እናቶች ናቸው። ከደረቁ ፍሬ ሲሦው ወይም ከዚያ በላይ ፕሮቲን ነው፤ አሰሩም ብዙ ስለሆነ ጥቂቱ ያጠግባል። አውሮፓና አውስትራሊያ ውስጥ የዚሁ ዘመድ ዱቄት በሚያምር ከረጢት ታሽጎ ለጤና ጠንቃቆች ይሸጣል። የኛዎቹ ጤና ጠንቃቆች ደግሞ ግብጦውን ረግጠው አልፈው የታሸገ የውጭ አጃ ይፈልጋሉ፤ የአገሩ አጃ ቤታቸው ሳለ። ይህን ስጽፍ ግን እሰጋለሁ፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላልና፣ ነገ ግብጦ በሎሚ ተዘፍዝፎ በባዶ ሆድ እንዳይበላ። ግብጦም ቦርጭ አይገድልም። በጥብሱ ቦታ ሲገባ እንጂ በጥብሱ ላይ ሲጨመር ያው ጭማሪ ነው።

ጾሙም ከዚህ አልዳነም። «በዓቢይ ጾም እከሳለሁ» ብሎ 55 ቀን የሚጠብቅ አለ። ለነፍስ የታዘዘውን ለወገብ ማድረጉን ለንስሐ አባቱ ልተውና፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ የሚቀርበው በያይነቱ ዘይቱ ከእንጀራው ጠርዝ እየፈሰሰ ነው። ፋሲካ ደግሞ ሒሳቡን ጠብቆ ይመጣል። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይም አንዱ «ፈረስ መጋለብ ቦርጭ ያጠፋል» ሲል ሰምቻለሁ። ፈረሶቹ በእርግጥ ቦርጭ የላቸውም።

አንዲት የማውቃት የከተማው የመንግሥት ሠራተኛ ግን ከሳች። ላስቲክ ሳትጠመጥም፣ ሎሚ ሳትጨምቅ። በቀን አራት ስኒ ሻይ ትጠጣ ነበር፣ በየስኒው ሦስት ማንኪያ ስኳር፤ ይህ ብቻ በቀን 190 ካሎሪ ያህል ነው፤ ተወችው። ዘይቱን ከጀሪካን ማፍሰስ ትታ በማንኪያ መለካት ጀመረች። ከእንጀራው ቀነሰች፣ ከጎመኑና ከምስሩ አበዛች፣ ሥጋውን ለዓመት በዓል አቆየችው፤ ወደ ቢሮዋም በእግሯ መመላለስ ያዘች። የምትቀንሰው በሳምንት ግማሽ ኪሎ እንኳ አልሞላ ያለ ጊዜ ብዙ ነበር። ዓመት ሲሞላ ቀሚሶቿን ሁሉ አስጠበበች።

ከዚያ መከራዋ ጀመረ። «ወፍረሻል፣ ተመችቶሻል» የሚል ሰላምታ የለመደው ሠፈር ደነገጠ። ቢሮ ውስጥ ባሏ እንዳስቸገራት ተወራ። የቤት አከራይዋ ቅቤ መሐሉ ላይ የሞላበት ገንፎ ይዘው መጡ፤ ጎረቤቷ «ትል ሳይኖርብሽ አይቀርም፣ ተመርመሪ» አለቻት። እንዳልታመመች ምላ ተገዝታ ስታስረዳ፣ ሁሉም ወንበራቸውን አስጠግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ጥያቄ ጠየቋት፦

«እና ምን ጠጥተሽ ነው?»

«ምንም» አለች። እስከ ዛሬ የሚያምናት አልተገኘም፤ መድኃኒቱን ደበቀችን ብለው አከራይዋና ጎረቤቷ ኩርፊያ ላይ ናቸው።