ለጤናዎ ሲሉ ገጠር ለሚገቡ

ሐኪሙ የደም ግፊትዎን ለክቶ «የአየር ለውጥ ቢያደርጉ» ካለዎት አያቅማሙ። የታክሲ ሰልፉን፣ የናፍጣ ጭሱን፣ ሌሊቱን ሙሉ ሙዚቃ የሚለቀውን ግሮሰሪ ትተው ወደ ገጠር ይግቡ። ለጤና ብሎ ቦታ መቀየር አዲስ ነገር አይደለም። ራሷ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍል ውሃውን ስለወደዱት ነው። ያኔ መታጠቢያና መታከሚያ የነበረውን ቦታ ነው ዛሬ እርስዎ የሚሸሹት። ስለዚህ የመረጡት መንደር ሳይሠለጥን ቶሎ ይድረሱ።

ከፍታውን ግን አስበው ይምረጡ። ከ2,000 ሜትር በታች ከወረዱ ወባ አለ፤ አጎበር ይያዙ። ጣና ዳር ማረፍ ከማረከዎትም ውሃውን ከሩቁ ያድንቁት እንጂ እግርዎን አይንከሩ፤ ቢልሃርዚያ እንግዳ አይመርጥም። ወደ ላይ ልውጣ ካሉ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ደብረ ብርሃን አለ፤ ከፍታው ወደ 2,800 ሜትር ስለሚጠጋ የወባ ትንኝ አትደርስብዎትም። ብርዱ ይደርስብዎታል።

አየሩ ንጹሕ ነው፣ ደጅ እስከቆሙ ድረስ። እንጀራው የሚጋገረው መስኮት በሌለው ማድ ቤት፣ በኩበትና በጭራሮ ነው። ጭሱ ዓይንዎን ሲያቃጥለው የአውቶቡሱ ጭስ ሊናፍቅዎት ይችላል። «ወደ ውስጥ ግቡ እንጂ» ቢባሉ «ማሳውን ልይ» ብለው በር ላይ ይቀመጡ። ጋጋሪዋ ከምጣዱ ሥር አትነሳም። ዕድሜ ልኳን ስታስል ኖራ «የአየር ለውጥ አድርጊ» ያላት ሐኪም ግን የለም።

ጨው ቀንሱ ተብለዋል አይደል? እንግዲያው ለቡናው ይዘጋጁ። በብዙ ቦታ ቡና የሚጠጣው በጨው ነው፤ አቦል ብቻ ቀምሰው መነሳት ደግሞ ነውር ነው። ቶናውንም በረካውንም ይጠብቃሉ። «ግፊት አለብኝ» ቢሉ ባለቤቲቱ «በሞቴ!» ትላለች፤ ለዚህ መልስ የሚሆን መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አይናቁ። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው ጤና ኬላ የምትከትብ፣ ወባ የምታክም እሷ ናት። ቤትዎ መጥታ «ሽንት ቤት ቆፍረዋል?» ስትልዎት በዲግሪዎ አይኩራሩ፤ ይቆፍሩ። ትምህርቱን በሚገባ ከተከታተሉ «ሞዴል ቤተሰብ» ተብለው ሊመረቁ ይችላሉ፤ በከተማ ማን እንዲህ አክብሮዎት ያውቃል?

ሌሊት ድንገት ቢያምዎትም አይጨነቁ። መኪና የማይገባበት ሰፈር ከሆነ ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ ዳገቱን ያወጣዎታል፤ ማንም እንቅልፌን አይልም፣ ሒሳብም የሚጠይቅዎት የለም። ይህን ዓይነት አገልግሎት አዲስ አበባ በገንዘብም አያገኙትም። እርስዎም በበኩልዎ አስቀድመው ክብደት ይቀንሱ፤ ተሸካሚም ወገብ አለው። ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ይጽፍልዎታል፤ ሆስፒታሉም ከአቅሙ በላይ ከሆነበት ሪፈር ጽፎ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ይልክዎታል።

ስለዚህ ኮንዶሚኒየምዎን ያከራዩት እንጂ አይሽጡት።