ካንዴላ የምትበላ ሞተር

ድሮ ሞተር ሲያስቸግር መካኒኩ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ያስጠጋ ነበር። የዘንድሮው እጁን ወደ ኪሴ ነው የሚያስጠጋው።

ደብረ ብርሃን፣ በሬሳ ወንዝ ዳር ላለችኝ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ብዬ የገዛኋት የውሃ ፓምፕ አለችኝ። ባለ አንድ ፒስተን ናት፤ ቤንዚን ጠጥታ በገመድ ትነሳለች። ቤንዚኑን ትጠጣ፣ ግድ የለኝም። ካንዴላ መብላቷ ነው ያንገበገበኝ! አዲስ ካንዴላ የገባላት ጠዋት ታንጎራጉራለች። ውላ አድራ ማሳል ትጀምራለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ በመጨረሻም ውሃው ቦዩን አጋምሶ ሳይጨርስ ቀጥ ትላለች። ከዚያ ገመድ መሳብ ነው። ይህ ትከሻ ጋቢ እንዲደረብበት ዕድሜው የፈቀደለት ትከሻ ነበር።

መካኒክ አስጠራሁ። ልጅ እግር ነው። ሞተሯን ከሩቁ አየና «ፋዘር፣ ካንዴላ ጨርሷል፤ ቀይረው» አለኝ። ፋዘር! አንቱታውስ የት ገባ? «ከተቀየረ ሳምንት አልሞላውም» ብለው «እሱ ፌክ ነው፣ ኦሪጅናል ላምጣልህ» አለ። ኦሪጅናሉ መጣ፤ ጠቆረ። «ይሄኛው ኦሪጅናል የሚባለው ነው፤ ትክክለኛው ኦሪጅናል ሌላ አለ» አለኝ። እሱም ጠቆረ። ኦሪጅናል ሲያልቅበት «ሞተር ይውረድ፣ ፋሻ ይቀየር» ወደሚለው ዞረ። ባለቤቴ ደግሞ ጎረቤታችን ፓምፗን ያየበትን ዓይን አልወደደችውም ነበርና ጠበል ይረጭባት አለች። እውነቱን ለመናገር ከመካኒኩ ምክር የሷ ረከሰልኝ።

አንድም ሰው ግን የወጣውን ካንዴላ አንስቶ አላየውም። ካንዴላ እኮ የሞተር ምላስ ነው፤ ሕመሙ እዚያ ላይ ይታያል። ፍቱና ጫፉን እዩት። ጥቁሩ እርጥብና ቅባታም ከሆነ ዘይት እየገባበት ነው፤ ያኔ ፋሻው አልቋል ወይም ዘይቱ ከልክ በላይ ተሞልቷል ብትሉ አልቀየማችሁም። ጥቁሩ ደረቅ ሆኖ ጣት ላይ የሚቀር ጥቀርሻ ከሆነ ቤንዚኑ ከአየሩ በዝቷል። ከነጣ ቤንዚን አንሷት ከልክ በላይ እየጋለች ነው። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ጤነኛ ናት፣ ተዉአት። የኔዋ ደረቅ ጥቀርሻ ነበር። ታዲያ የምን ፋሻ ነው?

የአየር ማጣሪያዋን ከፈትኩ። ስፖንጁ የማሳውን አፈር ግማሽ ተሸክሟል። በሳሙና ውሃ ታጠበ፣ ደረቀ፣ ጥቂት ዘይት ነክቶት ተጨምቆ ተመለሰ። ቀጥሎ የልጅ ልጄን ሰለልኩ። በውርጩ ጠዋት ሞተሯ እንድትነሳ የአየር መዝጊያውን ይዘጋል፤ ይህ ደንብ ነው። ከተነሳች በኋላ መክፈት ነበረበት፤ እሱ ግን እንደተዘጋ ትቶት ስልኩን ሊነካካ ይሄዳል። ቤንዚን ቆጣቢም ነኝ ብሎ ቀስ ብላ እንድትሠራ ያደርጋታል። የካንዴላ ጫፍ እኮ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ካልሞቀ የያዘውን ጥቀርሻ ራሱ አቃጥሎ አያራግፍም። ይህን ስነግረው «እሺ አባባ» አለኝ፤ እሺታ በዚህ ትውልድ ዘንድ የእምቢታ ታናሽ ወንድም ነው።

ጥቀርሻው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። የቀረው ምክንያት የምንኖርበት አገር ነበር። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የካርቡራተሯ ቀዳዳ የተለካው ግን ለባሕር ጠረፍ አየር ነው። (ባሕር ዳር ከተማን አላልኩም፤ እሷም 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት።) እኛ ጋ አየሩ ስስ ነው፤ ቀዳዳው ግን ቤንዚኑን በዚያው በጠረፉ ልክ ያወርደዋል። ሆንዳ ለእንዲህ ያሉ ሞተሮቹ በሚያወጣው መመሪያ ላይ እንዳለው፣ ካርቡራተሩ ቢስተካከል እንኳ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። አስሉት፤ እኛ ጋ ሲሶ ነው። ጅቡቲ ስትራገፍ ሙሉ ጉልበት የነበራት ሞተር፣ በሬሳ ስትደርስ ሲሶውን መንገድ ላይ አራግፋለች። ነጋዴው ግን ከዋጋዋ አንዲት ሳንቲም አላራገፈልኝም።

መለዋወጫ ቤት ሄጄ ቤንዚን የምታሳልፈዋን የነሐስ ቀዳዳ፣ ጠበብ ያለችዋን፣ ጠየቅሁ። «ለብቻዋ አትሸጥም፤ ካርቡራተሩን ሙሉውን ይውሰዱ» አለኝ ልጁ። «እሱስ ለየትኛው አገር አየር የተለካ ነው?» ብለው «አየር ምን አገር አለው አባባ?» ብሎ ሳቀብኝ። ከበስተኋላዬ የቆሙትም ሳቁ።

በመጨረሻ የደረሰልኝ የዕድሜ እኩያዬ የሆነ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ቀዳዳዋን ሬዲዮ በሚበይድበት እርሳስ ደፈናት፤ ከዚያም ከበፊቱ በቀጠነ መሰርሰሪያ፣ በጣቱ እያሽከረከረ፣ መልሶ በሳት። ፋዘርም አላለኝ፣ ኦሪጅናልም አላለኝ። ካንዴላው አሁን ቡናማ ነው፤ ጎመኑም ጠጥቷል።

እፎይ ልል ስል ሸዋ ሮቢት ያለው የባለቤቴ ወንድም ደወለ። ፓምፗን ለሽንኩርቱ ሊዋሳት ፈልጓል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ወፍራም ነው፤ ያቺ የጠበበች ቀዳዳ እዚያ ቤንዚን ታሳንሳለች፤ ካንዴላው ይነጣል፣ ፒስተኗም ይቃጠላል። ይህን ሁሉ በትዕግሥት አስረዳሁት። እሱም በትዕግሥት ሰማኝና ለእህቱ ደውሎ «ጋሼ ፓምፕ ከማዋስ ብለው የቆላን አየር አወፈሩት» አላት።