ይድረስ ለስንዴ ዛላ አዳዮች

ጉዳዩ፦ ስድስተኛ ዛላ እንዲፈቀድ ስለመጠየቅ

የፈረንሳይን የገጠር ማረፊያ ቤቶች እየመረመራችሁ ከአንድ እስከ አምስት የስንዴ ዛላ ለምታድሉ የ«ዢት ደ ፍራንስ» ደረጃ መዳቢዎች፣

ከኪራዩ በስተቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከሻምፓኝ ምድር፣ ከኤፐርኔ ከተማ ብዙም ከማይርቅ የማርን ሸለቆ መንደር ነው። ያረፍኩበት ቤት ቀድሞ የወይን ገበሬ ግቢ ነበር። በረቱ ሳሎን፣ ግርግሙ የመጽሐፍ መደርደሪያ፣ የወይን መጭመቂያው ክፍል ወጥ ቤት ሆኗል። እንግዳ እንዲያደንቀው የግድግዳው ልስን ተፍቆ ድንጋዩ ራቁቱን ቀርቷል። ያን ኖራ የለሰኑት ቅድመ አያት ከመቃብር ቢነሡ «ልጆቼ እስከዚህ ደኸዩ?» ብለው ማልቀሳቸው አይቀርም።

አትቆጡኝ፤ ነገሩ ተገልብጦብኝ ነው። እኛ አገር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር እንዳያድሩ ቤት ለቤት እየዞሩ ይመክራሉ። እዚህ ሰው ከብት ያደረበት ቦታ ለመተኛት አስቀድሞ ቀብድ ይከፍላል። ላሚቱ ራሷ ብትመለስ ኪራዩን አትችለውም።

ሥራችሁን ግን አላጣጥልም። የመጀመሪያው ዢት፣ ማለትም የገጠር ማረፊያ ቤት፣ በባስ-ዛልፕ ተራሮች በ1951 ተከፈተ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች ቀመር ነው የምቆጥረው)፤ ማኅበራችሁም በ1955 ተመሠረተ። ወጣቱ ወደ ከተማ ሲፈልስ ወና የቀረው የገጠር ቤት ታድሶ ገበሬው መደጎሚያ፣ ኪሱ የሳሳ የከተማ ሠራተኛም የዕረፍት ማሳለፊያ እንዲያገኝ ነበር የታሰበው። የተባረከ ሐሳብ!

የዢት ባለቤቶች ጥንቃቄም ያስቀናል። ስገባ ማንኪያው፣ ሹካው፣ የሻምፓኝ ብርጭቆውና የሰላጣ ማውጫው ሳይቀር በዝርዝር ተጽፎ ጠበቀኝ፤ ቆጥሬ ፈረምኩ። አንሶላ ይዞ መምጣት ወይም መከራየት የኔ ፈንታ ነው። እንግዲህ አንዲት የሻይ ማንኪያ ብትጎድል በሚታወቅበት አገር፣ ሳይቆጠር የታለፈ ሰው ስላለ ነው ብዕሬን ያነሣሁት።

ከጣሪያው ሥር፣ ወራጁ ግንባር የሚገጭበት ረጅም ክፍል አለ። በማስታወቂያው ላይ «ለቤተሰብ የሚመች ሰገነት» ተብሏል። ቀድሞ የወይን ለቃሚዎች ማደሪያ ነበር። በዚህ አገር «ቫንዳንዧር» የሚሉት የቤት ዓይነት አለ፤ ወይን ይጨመቅበታል፣ ለቃሚም ያድርበታል። ምቹ አልጋ ነበረው አልልም፤ ግን አልጋ ነበር። በሻምፓኝ ወይን በማሽን መልቀም ክልክል ስለሆነ በየዓመቱ ለጥቂት ሳምንታት ከ100 ሺህ በላይ ለቃሚ ወደ ማሳው ይወርዳል። የማደሪያ ቤት ደንቡ ሲጠብቅ፣ ወጪውም ሲንር፣ ብዙ ገበሬ «ሰው ማሳደሩ ይቅርብኝ» ብሎ ጣጣውን ለሠራተኛ አቅራቢ ድርጅቶች አስተላለፈ። ለቃሚው ከሰገነቱ ወረደ፤ እኛ ወጣን።

ወርዶ የት ገባ? በመስከረም 2023 የሥራ ተቆጣጣሪዎች እዚሁ ሸለቆ ውስጥ ኔል-ለ-ርፖን በምትባል መንደር አንድ ቤት ከፍተው አገኙት። አብዛኞቹ ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ከ50 በላይ ለቃሚዎች ተጨናንቀው፣ እንደነገሩ በተዘረጋ ፍራሽ ላይ ያድሩ ነበር። ሽንት ቤቱ የማይቀረብ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ አደገኛ ነበር። ቤቱ በመንግሥት ትእዛዝ ተዘጋ። በሐምሌ 2025 የሻሎን-አን-ሻምፓኝ ፍርድ ቤት ሠራተኞቹን ያቀረበውን ድርጅት ኃላፊ በሰው ንግድ ወንጀል ጥፋተኛ ብሎ የአራት ዓመት እስራት ፈረደባት፤ ሁለቱ በገደብ።

ዩኔስኮ በ2015 የሻምፓኝን ኮረብታዎች፣ የንግድ ቤቶችና የምድር ውስጥ ጓዳዎች በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ለቃሚው ኮረብታም፣ ቤትም፣ ጓዳም ስላልሆነ መዝገቡ ሳያየው አለፈ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን «የአንድ ቀን ለቃሚ» የሚባለው መስተንግዶ ነው። ጎብኚው ገንዘብ ከፍሎ መቀስና ባልዲ ይሰጠዋል፤ ጥቂት ዘለላ ይቆርጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ከዚያ ለምሳ ይቀመጣል፤ ብርጭቆውም ይሞላለታል። በዚያው ወቅት ሌላው፣ በኪሎ የሚታሰብለት፣ ጎንበስ እንዳለ ይውላል። አንዱ ወገቡን ለማሳመም ይከፍላል፤ ሌላው ወገቡን አሳምሞም ደመወዙን በፍርድ ቤት የሚጠይቅበት ጊዜ አለ።

«እኛ የምንመዝነው ቤት እንጂ ማሳ አይደለም» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው። ነገር ግን በወይን አገር ያለ ቤት የሚከራየው በመስኮቱ ለሚታየው ማሳ ነው። ድንጋዩ ብቻውንማ የትም ይገኛል። በመስኮቱ የሚታየው ነገር ዋጋ ካስጨመረ፣ እዚያ ውስጥ ያጎነበሰው ሰውም ከምርመራው ውጭ ሊሆን አይገባም።

ስለዚህ ስድስተኛ ዛላ እንዲፈቀድ በትሕትና አመለክታለሁ። መስፈርቱ ቀላል ነው። ቤቱ በወይን ገበሬ ግቢ ውስጥ ከሆነ፣ በለቀማ ሰሞን ለቃሚው የሚያድርበትን ክፍል ከፍታችሁ እዩ። አልጋውን ቁጠሩ፤ ውሃውን ክፈቱና ሙቅ መሆኑን አረጋግጡ፤ በሩም ከውስጥ ይቆለፍ እንደሆነ ሞክሩት። የሻይ ማንኪያ ቆጥሮ ለማያውቀው እንግዳ ማስረከብ ከተቻለ ይህ አይከብድም። ባለቤቱ «ለቃሚዎቹን የሚያሳድረው ሌላ ድርጅት ነው» ካለም አድራሻውን ጠይቁና ወደዚያው ተሻገሩ፤ ሸለቆው ጠባብ ነው።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
ሰገነት ላይ የተኛ ተከራይ

ግልባጭ፦
በመስከረም ወደ ሻምፓኝ ለምትጓዙ ወገኖች በሙሉ፤ ቀብዱን ከመክፈላችሁ በፊት ለቃሚዎቹ የት እንደሚያድሩ ባለቤቱን እንድትጠይቁ።