የቱ ቪፒኤን?

«ናስ የሚሉትን የቤት ኔትወርክ ማከማቻ ገዝቻለሁ፤ የልጆቼ ፎቶ፣ የሠርጌ ቪዲዮ፣ የሥራ ሰነዴ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ቪፒኤን ስላለኝ ደግሞ ማንም አይነካኝም» አልክ። የቱ ቪፒኤን፣ ወንድሜ? ስልክህ ላይ ያለው? እሱ የሚጠብቀው ስልክህን ነው፤ ናስ እንዳለህም አያውቅ!

«ቪፒኤን ያው ቪፒኤን ነው!»

ኧረ አይደለም! በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲታገዱ ያወረድነው ዓይነት ቪፒኤን፣ ሥራው ከስልክህ የሚወጣውን መረጃ አመስጥሮ ሌላ አገር ወዳለ ሰርቨር ማሻገር ነው። የታገደውን ያስከፍታል፣ አድራሻህን ይሸፍናል። ያኔ ጠቅሞናል፣ አልክድም። ሳሎንህ ጥግ ሌት ተቀን የሚሠራው ማከማቻ ግን በራውተርህ በኩል ለኢንተርኔት የተከፈተ ፖርት ካለው፣ ስልክህ ላይ የበራው ቪፒኤን ያንን ፖርት አይዘጋውም። የምትወጣበትን በር አስጠብቀህ፣ የሚገባብህን በር ወለል አድርገህ ትተኸዋል።

«እኔ ፖርት የሚባል ነገር ነክቼ አላውቅም።»

አንተ አልነካህም፤ ናስህ ነክቶልሃል! ዩፒኤንፒ የሚሉት አሠራር ራውተሩ ላይ ከበራ፣ ናሱ «ክፈትልኝ» ይላል፣ ራውተሩ ይከፍታል፣ አንተን ያማከረ የለም።

«የእኔን የሠርግ ቪዲዮ ማን ብሎ ይፈልገዋል?»

ማንም። አንተ ግን ትፈልገዋለህ፤ ዘራፊውም የሚነግደው በአንተ መፈለግ ነው! እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2021 ኪውሎከር የተባለ ራንሰምዌር የኪውናፕ ናሶች ውስጥ ገብቶ፣ ሰቨን ዚፕ በተባለው የታወቀ የፋይል መጠቅለያ የሰዎችን ፋይል በፓስወርድ ቆለፈና ለመክፈቻ 0.01 ቢትኮይን ጠየቀ። በጃንዋሪ 2022 ደግሞ 0.03 ቢትኮይን የሚጠይቀው ዴድቦልት መጣ። የናሶቹ አምራች ኪውናፕ ያኔ ለደንበኞቹ ያስተላለፈው ማሳሰቢያ ግልጽ ነበር፦ የራውተራችሁን ፖርት ፎርዋርዲንግ ዝጉ፣ ዩፒኤንፒን አጥፉ። ስምህን አይቶ፣ ቤትህን መርጦ የሚመጣ የለም። ክፍት ፖርት የሚያስስ ፕሮግራም ነው አገር ላገር የሚዞረው።

«የእኔ ፓስወርድ እኮ ጠንካራ ነው።»

የሚጠየቅ ከሆነ ነዋ! እ.ኤ.አ. በጁን 2021 ማይ ቡክ ላይቭ የተባለው የዌስተርን ዲጂታል ማከማቻ ባለቤቶች የዓመታት ፋይላቸው ተጠርጎ ባዶ ዲስክ ጠበቃቸው። መሣሪያውን ወደ ፋብሪካ ይዞታው የሚመልሰው ትእዛዝ ፓስወርድ እንዲጠይቅ የተጻፈው ኮድ ከሥራ ውጪ ተደርጎ ነበር። መሣሪያው እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ አፕዴት አላገኘም። ጠንካራ ፓስወርድ የነበራቸውም ደካማ የነበራቸውም እኩል አለቀሱ።

«ታዲያ ቪፒኤን ከንቱ ነው በለኛ!»

መቼ ወጣኝ? ይጠቅማል፤ እጅግም ይጠቅማል፤ ሰርቨሩ በገዛ ቤትህ ሲሆን! ራውተርህ ላይ፣ ካልሆነም ከናሱ ውጪ ባለ ትንሽ ማሽን ላይ ዋየርጋርድ ወይም ኦፕንቪፒኤን ትተክላለህ። ናሱ ለኢንተርኔት ጭራሽ አይታይም። ዱባይም ሁን ዋሽንግተን፣ መጀመሪያ ወደ ቤትህ ኔትወርክ ትገባለህ፣ ከዚያ ናስህን ታገኘዋለህ። ዋየርጋርድን የምወድለት ጠባይ አለው፤ ትክክለኛ ቁልፍ ላልያዘ ሰው «የለሁም» እንኳን ብሎ አይመልስም፣ ዝም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮም የሊኑክስ ከርነል አካል ሆኗል። የኢንተርኔት መስመርህ የራሱ ይፋዊ አድራሻ ከሌለው ደግሞ ቴይልስኬልን የመሰሉት አገልግሎቶች አንድም ፖርት ሳያስከፍቱህ መሣሪያዎችህን ያገናኛሉ።

«እሱን ከተከልኩ በቃ፣ እፎይ ልበል?»

አትበል! ላፕቶፕህ ቫይረስ ከያዘው በዚያው ቪፒኤን ተከብሮ ይገባል። ቪፒኤን የሚያጣራው ማን እንደመጣ ነው፤ ምን ይዞ እንደመጣ አይፈትሽም።

«ሁለት ዲስክ አለው እኮ፣ ሬይድ ነው!»

አንዱ ላይ የተቆለፈው ፋይል ሌላኛውም ላይ በዚያው ቅጽበት ተቆልፎ ይቀመጣል! ሬይድ የሚደርስልህ ዲስክ ሲሞት ነው፤ ፋይል ሲሰረዝ ወይም ሲቆለፍ አይደለም። ባክአፕ የምትለው ከናሱ ተነቅሎ፣ ከኤሌክትሪኩም ከኔትወርኩም ተለይቶ የተቀመጠውን ሃርድ ዲስክ ነው። ሰው የልጁን የመጀመሪያ እርምጃ የቀረጸበትን ቪዲዮ ለዘለዓለም የሚያጣው ይህን አንድ ዲስክ መግዛት ስላዘገየ ነው፤ ይኼ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ለቪፒኤን የወር ክፍያ ከመክፈልህ በፊት ዛሬ ማታ ራውተርህ ውስጥ ግባ። ፖርት ፎርዋርዲንጉን ዝጋ፣ ዩፒኤንፒውን አጥፋ፣ የናሱን አፕዴት ጫን፤ ነገ ደግሞ ያንን ሃርድ ዲስክ ግዛ።