ውሻን አንቱ የሚል አገር

ባለፈው ሰሞን አዲስ ኮት ገዝቼ ቤት ስገባ ልጄ ቀና ብላ አየችኝና «ናይስ!» ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች። ሰባተኛ ክፍል ናት፤ አማርኛ የምትናገረው ገንዘብ ስትፈልግ ነው። እኔም ደስ ብሎኝ መስታወት ፊት ሁለቴ ዞርኩ። እዚያው ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም፤ የቃላትን የዘር ሐረግ የሚቆጥር አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አወረድኩ።

ለካ «ናይስ» የላቲን ዘር ነው፤ ሥሩ «የማያውቅ» ማለት ነው። በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ እንግሊዝ ሲገባ፣ እ.ኤ.አ. 1300 ገደማ፣ ሰውን ናይስ ማለት ጅል ማለት ነበር። ከጅል ወደ ምርጫ አብዢ፣ ከዚያ ወደ ጥንቁቅ እያለ ለሙገሳ የበቃው በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። «ሲሊ» ደግሞ መንገድ ላይ ተላልፎታል። ድሮ የተባረከ፣ ደስተኛ ሰው ነበር፤ ከዚያ የዋህ፣ ከዚያ ምስኪን፣ በመጨረሻ ቂል ሆኖ አረፈው። ይህ አይገርመኝም። እኛም ዘንድ «እሱ እኮ የዋህ ነው» የተባለ ሰው ደጃፉ ላይ ተበዳሪ አይጠፋም።

«አባ፣ የጠየቅኩህን ብር መቼ ትሰጠኛለህ?» አለች ልጄ፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

«ከነገ ወዲያ።»

እንግሊዞችም ለዚህች ቀን «ኦቨርሞሮው» የሚል አንድ ቃል ነበራቸው። ማይልስ ከቨርዴል እ.ኤ.አ. በ1535 ባሳተመው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እንኳ ይገኛል። ጣሉት። ዛሬ ከነገ ወዲያን ለመጥራት አራት ቃል ያሰልፋሉ፤ ቀጠሮ ማራዘም ላይ እንደኛ ያልተካኑት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

የሚጣፍጠው ግን «ሎርድ» ነው። ጌታ የምንለው ያ ሁሉ ግርማ ሲፈታ «ዳቦ ጠባቂ» ነው፤ «ሌዲ» ደግሞ «ዳቦ አቡኪ»። ኩሽና ሄጄ ለባለቤቴ አበሰርኳት። እጇ ሊጥ ውስጥ ነበር።

«እኔ ሌዲ መሆኔ ደህና። አንተ ግን መቼ ጠብቀህ ታውቃለህ?»

በዚያው በጥንቱ እንግሊዝኛ የጌታው አሽከር «ዳቦ በሊታ» ይባል እንደነበር አልነገርኳትም።

ሳሎን ስመለስ ከደብረ ታቦር ሊጠይቁን የመጡት አማቴ ፊታቸው ጠቁሯል። የልጅ ልጃቸው «አንቺ» ብላቸዋለች። «ፈረንጅ አንቱታ አያውቅም አሉ። ከዚያ የተማረችው ነው» አሉኝ።

«የለም እማማ፤ እንዲያውም የጠፋባቸው አንተና አንቺ ናቸው» አልኳቸው። ለአንድ ሰው «ዛው» ይሉ ነበር፤ «ዩ» የእናንተና የአንቱ ነበር። አንተ ማለት ያን ጊዜ ቀላል ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1603 ዊንቸስተር ላይ ሰር ዋልተር ራሌይ በአገር ክህደት ሲከሰስ ዐቃቤ ሕጉ ኤድዋርድ ኮክ የወረደበት ስድብ አልበቃ ብሎት፣ ያን የንግሥት ኤልሳቤጥን ባለሟል፣ አንቱ የተባለን ሰው፣ ሆን ብሎ በችሎት ፊት «አንተ» ይለው ነበር። ክዌከር የሚባሉት ሃይማኖተኞች ደግሞ በእግዚአብሔር ፊት ሁሉም እኩል ነው ብለው ዳኛውንም ሹሙንም አንተ እያሉ ስንቱን ዱላ ቀመሱ። ሌላው ሕዝብ ከመሳሳት ብሎ ሁሉን አንቱ ማለት ለመደ፤ አንተ ለጸሎትና ለአንዳንድ ገጠር ቀረ።

አማቴ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ።

«እና አሁን አሽከሩንም አንቱ ነው የሚሉት?»

«አዎ።»

«ሌባውንም?»

«ሌባውንም።»

«ውሻውንስ?»

«ውሻውንም እማማ። አንቱ ይቀመጡ፣ አንቱ እግርዎን ያምጡ ነው ነገሩ።»

ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«ነይ እስቲ» አሏት። «ከዛሬ ጀምሮ እኔን በእንግሊዝኛ አናግሪኝ።»